ጠመኔ የተቀባው ማስክ

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ሰፊ አይደለም፤ ወዲህ ማዶ ያለ ሰው ቢያስነጥስ ወዲያ ማዶ ያለው "ይማርህ" ይለዋል። ግን መሐሉ ላይ የተሰመረው ነጭ መስመር የሁለት አስተዳደር ወሰን ነው። በሽታው የገባ ሰሞን የወዲህኛው አስተዳደር፣ ማንም ሰው አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን በመንገድም በሥራ ቦታም እንዳይገኝ ብሎ ትእዛዝ አወጣ። የወዲያኛው ደግሞ "እናስብበታለን" አለና ሲያስብ ከረመ። ከዚያ ወዲህ መንገድ የሚሻገር ሰው ሁሉ መስመሩ ላይ ሲደርስ ቆም ይልና ማስኩን ከኪሱ አውጥቶ ያጠልቃል፤ ሲመለስ እዚያው ቆሞ ያወልቃል። በሽታው መስመሩን ሲያይ ይቅርታ ብሎ የሚመለስ ይመስል።

በወዲህኛው በኩል መታጠፊያው ላይ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት አለ። ባለቤቷን ሰፈሩ "መርማሪዋ" ይላታል፤ ፊት ለፊትም ይሏታል፣ አትቆጣም። ስሙ የወጣላት በከንቱ አይደለም። ቧንቧ ሠራተኛ ጠርታ "ውኃው ለምን ይጮኻል? አየሩስ በየት ገባ?" እያለች ስታጣድፈው ሰውየው መፍቻውን ረስቶ ሄዷል። አንድ ጊዜ ሆዷን አሟት ሐኪም ዘንድ ሄዳ፣ ሐኪሙን መርምራው ተመለሰች ይባላል። ክፋት የለባትም። ያልገባት ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ በቃ።

ይህን ሰሞን ያልገባት ነገር ግን እንደ ቧንቧው የሚታለፍ አልነበረም። የእናቷ ነገር ነበር።

ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት፣ መስመሩን ተሻግሮ፣ የታላቅ ወንድሟ ፀጉር ቤት አለ። ፎቁ ላይ እናታቸው መስኮት ዳር ተቀምጠው ይውላሉ። እናትየዋ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ መርማሪዋን መቀስ ያስያዟት እሳቸው ናቸው። ሳንባቸውን የቆየ ሕመም ጎድቶታል፤ ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ አረፍ ማለት አለባቸው። በደጉ ጊዜ ትንሽ እዚህ፣ ትንሽ እዚያ እያሉ ሁለቱም ልጆቻቸው ጋ ይኖሩ ነበር። በሽታው ሲመጣ ሐኪሙ "አንድ ቦታ ይቀመጡ፤ ይህ ነገር እርስዎን ካገኘዎት እኔም የማደርገው የለኝም" አላቸው። ያን ቀን ወንድምየው ቤት ነበሩና እዚያው ቀሩ።

የመርማሪዋ ባል ከሞተ ቆይቷል፤ ልጇም አግብታ ሄዳለች። ሥራ ውላ ቤቷ ስትገባ የምታወራው ከማቀዝቀዣው ጋር ነው። ጠዋት ስፌት ቤቱን ስትከፍት እናቷ ከመስኮቱ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ እሷም ታውለበልባለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ በገዛ ወንድሟ ቀንታለች። ቅናቱ ላይ ደግሞ ፍርሃት ተደርቦበታል፤ እዚያ ማዶ ሰዉ እንደ ልቡ ፊት ለፊት ይተነፋፈሳል።

አንድ ጠዋት ወንድሟን መስመሩ አጠገብ አገኘችው። ፊቱ እንደተለመደው ባዶ ነው፤ አፉም አፍንጫውም ነፋስ ይቀበላል።

"ጋሼ፣ እማዬን ወደ እኔ ልውሰዳት" አለችው።

"ለምን?"

"ለምን ትላለህ እንዴ? እኛ ጋ ትእዛዝ አለ። እናንተ ጋ ምን አለ?"

"ትእዛዙ በሽታውን ቀነሰ?"

"ይቀንሳል እንጂ።"

"'ይቀንሳል' እና 'ቀነሰ' አንድ ነው?" አለ ወንድምየው ፈገግ ብሎ። "አንቺ አይደለሽ መርማሪዋ? መርምሪና አሳዪኝ። ካሳየሽኝ ጓዟን ተሸክሜ የማመጣልሽ እኔ ነኝ።"

"አሳይሃለሁ" አለች። ከዚያ አፏ አላርፍ ብሏት ጨመረች፣ "ደግሞ የሰው ጢም መላጨት ትተሃል አሉ። ምነው፣ ኮራህ?"

"እጄ ደክሞ ነው" አለና ጥሏት ሄደ።

መርማሪዋ ሥራ ተሰጣት ማለት ነው። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ጤና ጣቢያው ነው፤ እዚያ የምትሠራው ነርስ ደንበኛዋ ናት፣ ቀሚሶቿን ሁሉ የሰፋችላት መርማሪዋ ናት። ነርሷን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጣ እግሯን እያሳረፈች አገኘቻት።

"በሽተኛ የሚበዛው በየትኛው በኩል ነው?" ብላ ጠየቀቻት፣ መልሱን አስቀድማ የምታውቅ መስሏት።

"በእናንተ በኩል" አለች ነርሷ።

መርማሪዋ ክው አለች። "እኛ ጋ? ማስክ የምናደርገው እኛ አይደለንም እንዴ?"

"ናችሁ። ግን የምርመራ ድንኳኑ የተተከለው እናንተ ጋ ነው። እዚያ ማዶ የሚመረምር የለም፣ ሰዉ ቤቱ ተኝቶ 'ብርድ መታኝ' ይላል፣ ማንም አይቆጥረውም።"

"እሺ፣ እሱን እንተወው። ትእዛዙ ከወጣ በኋላስ እኛ ጋ ለምን ጨመረ?"

ነርሷ ሳቀች። "ትእዛዙ ለምን የወጣ መሰለሽ? በሽታው ሊብስ ሲል ነው የወጣው። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን መንገዱ ጃንጥላ በጃንጥላ ይሆናል። ዝናቡን ጃንጥላው አመጣው ትያለሽ?"

"አልልም። ግን ጃንጥላው እያለም ሰዉ በስብሶ ከገባ፣ ጃንጥላው ቀዳዳ ነው ወይስ ሰዉ አልዘረጋውም ብዬ እጠይቃለሁ።"

ነርሷ ቀና ብላ አየቻት። "እሱ ጥሩ ጥያቄ ነው" አለች። "ከዚህ ሆኜ አላየውም። እኔ የማየው የታመመውን ነው። ማስኩ መቼ ፊት ላይ እንዳለ፣ መቼ እንደሌለ ማየት የሚችለው አብሮ የሚውል ሰው ነው።"

መርማሪዋ ይህን ይዛ ስትመለስ መንገዱን እንደ አዲስ አየችው። ደንብ አስከባሪው በእግረኛ መንገዱ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ በወዲህኛው በኩል የሚሄደው ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ግጥም አድርጎ ሸፍኗል። ልቧ ሞላ። መንገዱ እንዲህ ከሆነማ የእሷ ስፌት ቤት ምን ሊሆን ነው አለች በሐሳቧ። እሷ ቤት ውስጥ ያለ ማስክ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ማስኮቹን ራሷ ናት ከተረፈ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ የሰፋቻቸው። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣላት። ወንድሟ አሳዪኝ አላለም? ታሳየዋለች።

ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያደርግበት ጠፍጣፋ ጠመኔ አለ። ከሰማያዊው ወስዳ ደቆሰችና የእያንዳንዱን ማስክ ፊት አሸችበት። ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ ነው፣ ዐይን አይለየውም። ማስኩን ያልነካ ጣት ንጹሕ ሆኖ ይውላል፤ ማስኩን የጎተተ ጣት ይመሰክራል። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሚዛን እንዳይጎድል ብላ የራሷንም ቀባችው። ቀባችው እንጂ ስለ ራሷ ጥርጣሬ አልነበራትም፤ የጠረጠረችው መርፌን ነበር።

መርፌ ስፌት ቤቱ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራው ሰውዬ ነው፤ ቅጥነቱ ነው ስሙን ያሰጠው። ሥራው ጥሩ ነው፣ ወሬው ግን ከሥራው ይበልጣል። ሌላዋ ሠራተኛ የካውያዋ ሴትዮ ናት፤ ጓዳ በምታህል ክፍል ውስጥ በእንፋሎት ተከባ ትውላለች፣ ዝምተኛ ናት።

ጠዋት ማስኮቹን አደለች። ከዚያ ምን ነክቷት እንደሆነ እንጃ፣ ሙከራው ሳያልቅ ለእናቷ ደወለች። "እማዬ፣ ጓዝሽን ጠቅልይ። ለጋሼ ዛሬ አሳየዋለሁ፤ ማታ እኔ ጋ ነሽ።" እናትየዋ "እሺ ልጄ" አሉ፣ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር። ጥቂት ቆይታ ቀና ብትል እናቷ የታሰረ ጓዛቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መስኮቱ ዳር ተቀምጠዋል።

የዚያን ቀን አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ለመጨረሻ ጊዜ ልትለካ መጣች። ነጭ፣ ክንዱ ዳንቴል፣ አንገቱ ሰፊ ቬሎ ነው። ወገቡ ትንሽ ሰፍቷት ነበር። መርማሪዋ መስታወቱ ፊት አቁማት ትከሻውን ሰብሰብ፣ ወገቡን ጠበብ እያደረገች በእስፒል ስትይዝ ቆየች። ሙሽራዋ ጉሮሮዋን እየጠረገች "የመኪና አየር መትቶኝ ነው" አለች። ደግሞ ሳቅ ብላ፣ መስታወቱን እያየች፣ "ፊቴን ሳላይማ ቬሎው ያምርብኝ አያምርብኝ በምን አውቃለሁ?" አለች። እውነቷን ነው፤ ግማሽ ፊቷን ሸፍና ራሷን በቬሎ ማየት የምትፈልግ ሙሽራ የት አለች። ማስኳን ወደ አገጯ አወረደችው። መርማሪዋም ሥራዋ ላይ ናትና ዝም አለች።

ልብሱ አልቆ ሙሽራዋ ልታወልቅ ስትል፣ አንገቱ አካባቢ ጣቷን አሳረፈች። "እትዬ፣ እዚህ ጋ ምን ነካው?"

ነጩ ጨርቅ ላይ የሰማያዊ ጣት አሻራ ነበር። ትከሻው ላይም አለ። ወገቡም ላይ አለ።

"ጠመኔ ነው፣ በብሩሽ ይራገፋል" አለች መርማሪዋ፤ አራገፈችውም።  ያንን ቬሎ ግን ከእሷ በቀር የነካው ሰው አልነበረም።

ሙሽራዋ ስትወጣ መርማሪዋ እጇን ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ እስከ መገጣጠሚያቸው ሰማያዊ ሆነዋል።

"እትዬ፣ ሰማይ ስትጎትቺ ነው የዋልሽው?" አለ መርፌ። አለና የራሱን እጅ አየ። የእሱም ሰማያዊ ነው። ሳቁን ዋጥ አደረገ።

የካውያዋን ሴትዮ ጠሩ። እሷማ አገጯ ሳይቀር ሰማያዊ ሆኗል።

መርማሪዋ ያደረገችውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። "አሁን የምጠይቃችሁ ልቆጣ አይደለም፤ ማወቅ ስለምፈልግ ነው። መቼ ነው የምታወርዱት?"

መርፌ አሰበ። "ክር ሳስገባ" አለ። "ጫፉን በከንፈሬ ካላራስኩት በመርፌው ቀዳዳ አይገባልኝም። ስጨርስ ደግሞ ክሩን በጥርሴ ነው የምቆርጠው።" ቀኑን ሙሉ ደግሞ ክር ያስገባል፣ ክር ይቆርጣል።

"እኔ ካውያው መጋሉን ለማወቅ ጣቴን በምላሴ አርሳለሁ" አለች የካውያዋ ሴትዮ በቀስታ። "አንቺስ እትዬ?"

"እኔ እንጃ" አለች መርማሪዋ እጇን እያየች። ሁለቱም ያውቁ ነበርና ተያዩ። መርፌ በሁለት ጣቱ ከከንፈሩ ላይ የሆነ ነገር እንደሚያነሳ ሰው አደረገ።

እስፒል። ልብስ ስትለካ እስፒሎቹን የምትይዘው በከንፈሯ ነው። እናቷ እንዲያ ነበር የሚሠሩት፣ እሷም ከልጅነቷ እንዲያ ነው የምትሠራው። ማስኩን ታወርዳለች፣ እስፒሎቹን በከንፈሯ ትደረድራለች፣ አንድ በአንድ እያነሳች ትሰካለች፣ ስትጨርስ ማስኩን ትመልሳለች። ዐይን እንደ መርገብ ነው፤ አታስበውም። ደንብ አስከባሪው በመስታወቱ ሲያይ ሁልጊዜ ማስክ አድርጋ ያገኛታል፤ ባዶ መንገድ ላይ ብቻዋን ስትሄድም አድርጋ ነው የምትሄደው። ከሰው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ስትገጥም ብቻ ነው የምታወልቀው። ዛሬ ከዚያች ጉሮሮዋን ከምትጠርግ ሙሽራ ጋር ባልና ሚስት እንኳ የማይቀራረቡትን ያህል ተቀራርባ፣ ሁለቱም ፊታቸው ባዶ ሆኖ፣ ረጅም ጊዜ ቆማለች።

ቀና አለች። እናቷ ጓዛቸውን እንደታቀፉ መስኮቱ ላይ ናቸው። ሲያዩዋት እጃቸውን አውለበለቡ። መርማሪዋ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

ማስኳን ቀይራ፣ እጇን ታጥባ መንገዱን ተሻገረች። መስመሩ ላይ ስትደርስ አላወለቀችም። ትእዛዙ ከወጣ ወዲህ ወንድሟ ፀጉር ቤት ውስጥ እግሯን አላስገባችም፤ ሁልጊዜ የሚገናኙት መንገድ ላይ ነው። ደጃፉ ስትደርስ ግን ቀጥ ብላ ቀረች።

በሩም መስኮቶቹም ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ነፋሱ የተቆረጠውን ፀጉር ወለሉ ላይ ያንከባልለዋል። ወረፋ የሚጠብቁት ውጭ አግዳሚ ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ውስጥ ያለው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው፤ የጆሮው ዙሪያ እንዲስተካከል የማስኩን ገመድ ፈትቶ፣ ጨርቁን በእጁ ፊቱ ላይ ደግፎ ይዞታል። ወንድሟ ከዐይኑ ሥር እስከ አገጩ ተሸፍኖ ይሠራል። ግድግዳው ላይ "ጢም አንላጭም። ማስክ ለሌለው እንሰጣለን" የሚል ተለጥፏል። ከሥሩ ዘንቢል ውስጥ ማስክ ተደርድሯል። አንዱን አነሳች። ስፌቱን እንዳየች የማን እጅ እንደሆነ አወቀችው፤ እናቷ ናቸው የሰፉት።

ወንድምየው ደንበኛውን ሸኝቶ ወደ ደጃፉ መጣ። ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለችው።

"አልጠየቅሽኝማ" አለ። "ነርሷን ጠይቀሻል አሉ፣ ወሬዬንም ከሰፈሩ ሰምተሻል። እኔን 'ኮራህ ወይ' አልሽኝ እንጂ 'ምን ታደርጋለህ' አላልሽኝም።"

 እውነት ነው። ከሰው ሁሉ ያልጠየቀችው ወንድሟን ብቻ ነው።

"መንገድ ላይ ግን ባዶ ፊትህን ነው የማይህ" አለች።

"መንገድ ላይ ማን አጠገቤ አለ? እንድተነፍስ ነዋ የምወጣው። ስመለስ ፎቁ ላይ እናቴ አለች።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን አንቺም አልተሳሳትሽም። ትእዛዝ ያስፈልጋል። እናንተ ጋ 'አድርግ' ስትዪው ማንም አይጣላሽም፣ 'ትእዛዝ ነው' ትያለሽ፣ አለቀ። እኔ ከእያንዳንዱ ጢም ጋር ስጣላ ነው የምውለው። ግማሹ ደንበኛዬ ታች ወዳለው ፀጉር ቤት ሄዷል፤ እዚያ ጢም እየላጩ ይስቁብኛል። እኔ ጋ ትእዛዝ ቢኖር ምንኛ በቀለለኝ።"

"እኛ ጋ ደግሞ ትእዛዙ አለ" አለች መርማሪዋ፣ እጇን ዘርግታ የጥፍሯን ሥር አሳየችው። ሳሙና ያላስለቀቀው ሰማያዊ ነበረበት። ጠመኔውንም፣ ሙሽራዋንም፣ እስፒሉንም ነገረችው። አልሳቀባትም፤ ቢስቅባት ይሻላት ነበር።

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። እናትየዋ ጓዛቸውን ይዘው፣ ግድግዳ እየተደገፉ መውረድ ጀምረዋል።

"እማዬ፣ አትውረጂ" አለች መርማሪዋ ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

"ምነው? ማታ አላልሽም? ቸኩዬ ነው።"

"ዛሬ እኔ ጋ አትመጪም። እኔ ጋ ከዚህ የባሰ ነው።" መርማሪዋ አንድ እርምጃ ደግሞ ራቀች። "እዚሁ ይሻልሻል እማዬ። እኔ ናፍቀሽኝ ነው እንጂ አንቺስ እዚህ ይሻልሻል።"

እናትየዋ ደረጃው መሐል ላይ እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። ልጃቸው ከደጅ ሆና የጠመኔውንና የእስፒሉን ነገር ስትናገር ሰሙ።  "እሱን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ" አሉ። ጓዛቸውን አቅፈው፣ ወንድምየው ከኋላ እየተከተላቸው፣ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ተመለሱ።

ሙሽራዋ ወዲያው ታማ ተኛች። መርማሪዋም ተከተለቻት። ትኩሳቱ አጥንቷ ድረስ ገባ፤ ሳሉ ጎኗን እየወጋት ከአልጋዋ ሳትነሳ ሰነበተች። ነርሷ መጥታ እያየቻት "ሳንባሽ ጠንካራ ነው፣ ታልፊዋለሽ" ትላታለች። መርማሪዋ ጣሪያውን እያየች የምታስበው ግን ስለ ራሷ ሳንባ አልነበረም። አጠገቧ ያለውን ባዶ አልጋ፣ ለእናቷ ያነጠፈችውን፣ ታይና ላብ ያጠምቃታል። ያ አልጋ ባዶ በመሆኑ አለቀሰች፤ ከደስታ ነው ያለቀሰችው።

ድና ስፌት ቤቷን ስትከፍት በሩ እጀታ ላይ ትንሽ ከረጢት ተንጠልጥሎ አገኘች። ወንድሟ ነው ያንጠለጠለው። ውስጡ በጥጥ የተሞላች፣ ጫፏ ላይ ማሰሪያ ያላት የእስፒል መሰኪያ ትራስ ነበረች፤ እንደ ሰዓት ክንድ ላይ የምትታሰር። የእናቷ ስፌት ነው። እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ዐይናቸው ደክሟል።

ክንዷ ላይ አሰረቻት። ለመርፌም ክር ማራሻ የረጠበ ስፖንጅ በሳህን አደረገችለት፤ መቀስም አጠገቡ አሰረችለት። "ጥርሴን ልታስጥይኝ ነው" አለ። ለካውያዋ ሴትዮ ውኃ መርጫ ገዛችላት። ከዚያ ማስኮቹን ሁሉ ጠመኔ ቀባቻቸው፤ አሁን ሁሉም እያወቀ። የሳቅ ሥራ ሆነ። መርፌ ማስኩን ሊያወርድ እጁን ያነሳና አየር ላይ ያስቀረዋል። መርማሪዋም ልብስ ስትለካ ከንፈሯ እስፒል ፈልጎ በራሱ ይከፈታል፤ ደግማ ደግማ ትዘጋዋለች። ሰው ልማዱን ለመተው ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል? ይህንም ነርሷን ልትጠይቃት ይዛዋለች።

ሥራ ሲያበቃ መንገዱ መሐል መስመሩ ድረስ ሄዳ ሁለት መዳፎቿን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገች። ንጹሕ ነበሩ። እናትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ከመስኮቱ ወጣ አሉና አተኩረው አዩ። ከዚያ በእጃቸው "ገልብጪው" አሉ። ገለበጠችው። በቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ጫፍ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ነበረች።

እናትየዋ ገና ነው እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ጎንበስ አሉና ከእግራቸው ሥር ጓዛቸውን አንስተው ልጃቸው እንድታየው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ከደረጃው ከተመለሱበት ቀን ጀምሮ አልፈቱትም ነበር።